ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት የተቀዳ ደም

በካፋ ዞን አዲዮ ወረዳ፣ በገበያ ቀን በግ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ጀርባው ነው። ወገቡን ዳብሶ፣ ላቱን በመዳፉ መዝኖ፣ ከዚያ ጎንበስ ይልና ከኋላ እግሮቹ መሐል ይመለከታል። አውራ ነው ወይስ ሙክት? ዋጋውም፣ ሥጋውም፣ ጠባዩም የሚለየው እዚያ ላይ ነው። የቦንጋ በግ ቀንድ የሌለው፣ ላቱ ረጅምና ወፍራም የሆነ፣ ስሙ በአገር የታወቀ ዝርያ ነው። የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአዲዮ አርሶ አደሮች ዘንድ በሚያካሂደው የዝርያ ማሻሻያ ሥራ፣ ጥሩ ዕድገት ያሳዩ ወጠጤዎች ለአውራነት ይመረጣሉ፤ ያልተመረጡት ይኮላሹና ደልበው ይሸጣሉ። የተኮላሸው በግ ይረጋጋል፣ መዋጋቱን ይተዋል፣ ስብ ያበዛል፣ ሴት ማሳደዱንም ያቆማል።

ስለዚህ የካፋ አርሶ አደር የዘር ፍሬ ለሰውነት ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የማንንም መጽሐፍ አልጠበቀም። ሳይንስ ወደዚያው እውቀት የደረሰው በዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ጀርመናዊው አርኖልድ በርትሆልድ የኮላሻቸው አውራ ዶሮዎች መጮሃቸውን ትተው፣ በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ሲጠወልግ አየ። የዘር ፍሬውን መልሶ በሆዳቸው ውስጥ ሲተክልላቸው ግን እንደገና አውራ ሆኑ። ከዘር ፍሬው ወደ ደም የሚገባ አንድ ነገር እንዳለ ታወቀ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን 86 ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1935 በአምስተርዳም የኤርንስት ላከር ቡድን ከ100 ኪሎ ግራም ገደማ የኮርማ የዘር ፍሬ 10 ሚሊ ግራም ገደማ ንጥረ ነገር አወጣ፤ ስሙንም ቴስቶስትሮን አለው። በዚያው ዓመት አዶልፍ ቡተናንትና ሊዮፖልድ ሩዚችካ በየፊናቸው በላቦራቶሪ ሠሩት። በ1939 ሁለቱም ለኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ታጩ፣ ተሸለሙም።

ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ተገኘ፤ በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካ መሣሪያ ግን አልነበረም። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን የሆርሞን መጠን ከደም ማንበብ የሚያስችለውን ዘዴ ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን ያስተዋወቁት በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ያሎው ለዚህ ሥራዋ በ1977 ኖቤል ተሸልማለች። ዘዴው ለቴስቶስትሮን ውሎ ወደ ሐኪም ጠረጴዛ እስኪደርስ ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት አለፉ። እናም ከ30 ዓመት በላይ ሐኪሞች የወንድ ሆርሞንን ሳይለኩ በመርፌ ሲሰጡ ኖረዋል። መርፌው ምርመራውን ይቅደም ወይስ ምርመራው መርፌውን የሚለው ክርክር የመጣው ከዚያ ነው፤ መለኪያው ከተገኘ በኋላም አልሞተም።

ክርክሩ ቦንጋ ይደርሳል ወይ ለሚለኝ፣ ስልክ የሚደርስበት ሁሉ ይደርሳል እላለሁ። ድካም፣ ስንፈተ ወሲብ፣ የጡንቻ መሟሸሽ፣ ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፤ ይህን ሁሉ «የወንድ ሆርሞን ማነስ» ብሎ ጠቅልሎ መፍትሔ የሚሸጥ ማስታወቂያ ዛሬ በየሰው ኪስ ውስጥ ነው። ጉዳዩን በግልጽ መጠየቅ ደግሞ ነውር ሆኖ ይኖራል። ወንዱ ለሚስቱ አይናገርም፤ ለሐኪም ሲናገርም ወገቤን ያመኛል ብሎ ይጀምራል። በምስጢር የተያዘ ሕመም በምስጢር የተገዛ መድኃኒት ያመጣል። ይህ ጽሑፍ ያስፈለገኝም ለዚህ ነው።

ሁለት ሰዎች እናስብ። ታሪኩ የምናብ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ በየጊዜው የሚታዩ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ከአዲዮ ደጋ የመጡ ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛው 52 ዓመቱ ነው፤ አራት ልጆች አሉት። ሁለተኛው 38 ዓመቱ ነው። ሁለቱም አቅም አንሷቸዋል፤ ሁለቱም በመኝታ ቤት ያለውን ችግር አፍነው ይዘውታል። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፣ መንገድ ላይ ቁርስ በልተው፣ ቡናቸውን በስኳር ጠጥተው፣ ቦንጋ ሲገቡ ረፋድ ሆኗል። ካርድ አውጥተው፣ ተራ ጠብቀው፣ ደም የሰጡት 6 ሰዓት ላይ ነው። ናሙናው የሆርሞን ማሽን ወዳለበት ላቦራቶሪ ሄዶ ውጤቱ ሲመለስ የአንደኛው 210፣ የሁለተኛው 240 ሆነ፤ በናኖግራም በዴሲ ሊትር። በወረቀቱ ላይ ከሁለቱም ቁጥር አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አለ።

መርፌ ለመጀመር ይህ ይበቃል? አይበቃም። ቴስቶስትሮን በቀን ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ከፍ የሚለው ጠዋት ሲሆን ከሰዓት በኋላ ይቀንሳል፤ በተለይ በወጣት ወንድ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ምግብም ያወርደዋል፤ ስኳር ከተጠጣ በኋላ በሩብ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የኢንዶክሪን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ደሙ በጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት እንዲወሰድ ያዝዛል። በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ማለት ነው። አንዴ ዝቅ ብሎ ከተገኘባቸው ወንዶች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ሲደገም ጤናማ ሆነው ይገኛሉ።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ቀላል ትእዛዝ ነው። ከአዲዮ፣ ከጨና ወይም ከዴቻ ለሚመጣ ሰው ግን ከ4 ሰዓት በፊት ማለት ማታ ቦንጋ ማደር፣ ዘመድ መፈለግ ወይም አልጋ መያዝ ነው። በካፋ ቤት ደግሞ ጠዋት ከቤት ሳይቀምስ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ቡናው ከነቁርሱ ነው። ስለዚህ «ነገ ጠዋት ይምጡ» ብሎ መሸኘት ብቻውን አይበቃም። በባዶ ሆድ ምን ማለት እንደሆነ፣ ውኃ እንደሚፈቀድ፣ ስኳር የገባበት ቡና እንደማይፈቀድ ተብራርቶ ካልተነገረ፣ ሰውየው በቅንነት ጠጥቶ ይመጣል፤ ቁጥሩም በቅንነት ይሳሳታል።

ጎረቤታሞቹ ዘመድ ቤት አድረው በሌላ ሳምንት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደም ሰጡ። የትልቁ 175 ሆነ፤ ደግሞ ሲታይ 168። የወጣቱ 410 ሆነ። በአንድ መኪና መጥተው፣ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዘው፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይነት ቀስት የታየባቸው ሰዎች እዚህ ላይ ተለያዩ። ወጣቱ ቀትር ላይ በተወሰደው ደም ብቻ ቢታከም ኖሮ ያልጎደለበትን ሆርሞን ዕድሜ ልኩን ሲወጋ ይኖር ነበር።

ታዲያ ወጣቱ ለምን ደከመ? ድካምና ስንፈተ ወሲብ ብዙ ምክንያት አላቸው። ደም ማነስ፣ የስኳር በሽታ፣ ደም ግፊትና የግፊት መድኃኒት፣ ድብርት፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ መጠጥ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 የሆኑ 3,369 አውሮፓውያን ወንዶችን ያየው ጥናት፣ ዝቅተኛ ቴስቶስትሮን ከሦስት የወሲብ ምልክቶች ጋር ተጣምሮ የተገኘባቸው 2.1 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ምልክቶቹ የጠዋት ብልት መቆም መቅረት፣ ፍላጎት ማጣትና በግንኙነት ጊዜ አለመቆም ናቸው። ድካምና ሐዘን ግን ሆርሞናቸው ሙሉ በሆኑ ወንዶችም ላይ ሞልተዋል። ስለዚህ ስንፈተ ወሲብ ይዞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው የደም ምርመራ የስኳር ነው፤ ከእርሱም ጋር የደም ግፊት ልኬት። ሁለቱም በዚያው ቀን ቦንጋ ላይ ያልቃሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ይገኛል፤ አዲስ አበባ ድረስ የተላከው የሆርሞን ናሙና ውጤት ሳይመለስ።

አንድ የአካባቢው ነገር ልጨምር። የካፋ መሬት ከአዲዮ ደጋ እስከ ጎጀብና ኦሞ ቆላ ይወርዳል፤ በቆላው ወባ አለ። በወባ የታመመ ወንድ ቴስቶስትሮኑ ለጊዜው ይወርዳል፤ ሲድን ይመለሳል። ማንኛውም ከበድ ያለ ሕመም እንዲሁ ያደርጋል። ሰውነት ለሕይወቱ ሲታገል ለመውለድ የሚያወጣውን ወጪ ይቆጥባል። ከትኩሳት በተነሣ በሳምንቱ የሆርሞን ምርመራ የታዘዘለት ሰው የሚያገኘው የወባውን ጥላ ነው። ጠብቆ፣ አገግሞ፣ ከዚያ መመርመር ይሻላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ፤ ቁጥር ሲነበብም ያሳስታልና። አንዱ ላቦራቶሪ 240 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው 2.4፣ ሌላው 8.3። ሦስቱም አንድ መጠን ናቸው፤ መለኪያው ነው የተለያየው። ናኖግራም በዴሲ ሊትር፣ ናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ናኖሞል በሊትር። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ወረቀት ይዞ የሚሄድ ታካሚ 240 የነበረው 8 ሆነብኝ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከቁጥሩ ጎን መለኪያውና ደም የተወሰደበት ሰዓት ያልተጻፈበት ወረቀት ግማሽ ወረቀት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል፤ መደበኛ የሚባለው የማን መደበኛ ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚጠቅሱት ከ264 እስከ 916 ያለው ወሰን የተገኘው በአሜሪካና በአውሮፓ ከተደረጉ አራት ትልልቅ ጥናቶች ነው። ከ9,000 በላይ ወንዶች ነበሩበት፤ ወሰኑ የወጣውም ውፍረት ከሌለባቸው ጤነኛ ወጣቶች ነው። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር በበኩሉ መስመሩን 300 ላይ አስምሯል። 280 የወጣለት ሰው በአንዱ መስመር በሽተኛ፣ በሌላው ጤነኛ ነው። ሰውየው ግን ያው አንድ ሰው ነው።

ከውጭ የመጣ መስመር በኢትዮጵያዊ ደም ላይ ሲሰመር ምን እንደሚሆን አገራችን ከዚህ በፊት አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት፣ ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲ ዲ 4 ሴል ቁጥራቸው ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ መሆኑን አገኘ። በዚያ ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚጀመረው በሲ ዲ 4 ቁጥር ነበር። መስመሩም ራሱ ይንቀሳቀስ ነበር፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መጀመሪያ 200፣ እ.ኤ.አ. በ2010 350፣ በ2013 500 ሆነ፤ በ2015 ደግሞ መስመሩ ተነሥቶ የተገኘበት ሁሉ ይጀምር ተባለ። ደሙ እውነቱን ይናገራል፤ መስመሩን የሚያሰምረው ግን ሰው ነው። በቴስቶስትሮንም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ከመስመሩ አጠገብ ያለን ቁጥር የሚፈርደው ምልክቱና የሰውየው ታሪክ ነው። የትልቁ ሰውዬ 170 ገደማ ግን በየትኛውም መስመር ዝቅተኛ ነው።

ዝቅተኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ጉድለቱ ከየት ነው የሚል ነው። የዘር ፍሬ በራሱ አይሠራም፤ ከአእምሮ ሥር ያለች የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ኤል ኤች እና ኤፍ ኤስ ኤች በተባሉ ሆርሞኖች ታዝዘዋለች። ቴስቶስትሮን ወርዶ ኤል ኤች ከፍ ካለ፣ አዛዡ ይጮሃል፣ ታዛዡ ግን አልቻለም ማለት ነው፤ ጉዳቱ የዘር ፍሬው ላይ ነው። ሁለቱም ከወረዱ ችግሩ ወደ ላይ ነው፤ የፒቱታሪ ዕጢ ዕብጠት፣ የፕሮላክቲን መብዛት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ወይም ከኦፒየም የሚመደብ የሕመም ማስታገሻ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ሕክምናውን ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል። ፕሮላክቲኑ የበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚታከመው በሌላ መድኃኒት ነው፤ ራስ ምታትና የዓይን መጋረድ ካለበትም ጅማ ወይም ጥቁር አንበሳ ድረስ መላክ አለበት።

የትልቁ ሰውዬ ኤል ኤች ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ያኔ ወደ ኋላ ተመልሶ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ የዘር ፍሬዎ አብጦ ወይም ተመትቶ ያውቃል?»

«አይ፣ ምንም።»

«ጆሮ ደግፍስ ይዞዎት ያውቃል? ካደጉ በኋላ?»

ሰውዬው ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ልጆቹን የያዛቸው ጊዜ እኔንም ይዞኝ ነበር፤ አሥር ዓመት ይሆነዋል። ያኔ ታች አብጦብኝ ሁለት ሳምንት ተኝቻለሁ። ለሰው አይነገርም ብዬ ነው» አለ።

ጆሮ ደግፍ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ላይ ሲወጣ ወደ ዘር ፍሬ ሊወርድና ሊያቆስል ይችላል። ሥጋ ደዌም እንዲሁ የዘር ፍሬን ይጎዳል። ከልደት የሚመጡም አሉ፤ ክላይንፌልተር የሚባለው የክሮሞዞም ለውጥ ከ500 እስከ 700 ከሚወለዱ ወንዶች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ልጅ እምቢ እስኪላቸው ድረስ አያውቁትም። የደም ምርመራው ለሐኪሙ የት እንደሚጠይቅ ነገረው፤ መልሱን የሰጠው ግን ሰውዬው ነው።

አሁን አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን መውጋት የለበትም። ለብዙ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል፤ የወንድነት ሆርሞን የወንድን ዘር ያበዛ ይመስለዋል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ከውጭ የገባው ቴስቶስትሮን ፒቱታሪን «በቂ አለ» ብሎ ያታልላታል፤ እርሷም ትእዛዟን ታቆማለች፤ የዘር ፍሬው ሥራ ፈትቶ ይሟሽሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለወንድ የወሊድ መከላከያነት ሞክሮታል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ከተወጉ 271 ጤነኛ ወንዶች 157ቱ ምንም የወንድ ዘር የማይገኝባቸው ሆነዋል። መርፌው ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይወስዳል። መካንነት በሴቷ ላይ በሚላከክበት አገር፣ ባል ተደብቆ እየተወጋ ሚስት ጠበልና ሐኪም ቤት ስትመላለስ ማሰብ ልብ ያደማል። ልጅ ያቃተው ወንድ የሚያስፈልገው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ነው፤ ከዚያም እንደ አዲስ አበባው ጳውሎስ ሆስፒታል ያለ፣ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል የከፈተ ቦታ መሄድ ነው።

በጂምናዚየም ለጡንቻ ብለው የሚወጉ ወጣቶችም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ናቸው፤ የሚወስዱት መጠን ብዙ ጊዜ ከሕክምናው በእጅጉ ይበልጣል። ስፖርተኛ ከሆኑ ደግሞ ቴስቶስትሮን በውድድርም ከውድድር ውጭም የተከለከለ ነው።

ትልቁ ሰውዬ ልጆቹን ወልዷል፤ ጉድለቱ ተረጋግጧል፤ ምክንያቱም ታውቋል። ለእርሱ መርፌው ሕክምና ነው። ጥያቄው አሁን ይለወጣል፤ ምን ያህል፣ እስከ መቼ፣ በምን ተጠብቆ?

ለረጅም ዓመታት ሐኪሞችን ያስፈራው ልብ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 በመድኃኒቱ ላይ የልብና የስትሮክ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። ከዚያ በ2023 ለልብ ሕመም የተጋለጡ 5,246 ወንዶች የተካፈሉበት ትራቨርስ የተባለ ትልቅ ጥናት ውጤቱን አወጣ። ድንገተኛ የልብ ጥቃት፣ ስትሮክና በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት በቴስቶስትሮን ቡድን 7.0 በመቶ፣ በማስመሰያ መድኃኒት ቡድን 7.3 በመቶ ሆነ፤ አልጨመረም ማለት ነው። የልብ ምት መዛባት፣ የኩላሊት ጉዳትና ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋት ግን በቴስቶስትሮን ቡድን በርከት ብሎ ታይቷል። ይህን ጥናት «አይጎዳም» ለማለት የሚጠቅሱት ሰዎች አንድ ነገር ይዘልላሉ። እነዚያ ወንዶች ከመጀመራቸው በፊት በሁለት ጠዋት በባዶ ሆድ ተመርምረው ከ300 በታች የተገኙ ናቸው፤ ከጀመሩ በኋላም መጠኑ በደም ምርመራ ከፍ ዝቅ ይደረግ ነበር። ደማቸው መጥቆር ከጀመረ መድኃኒቱ ይቀነስላቸው ነበር። የጥናቱ ማጽናኛ የእነርሱና እንደ እነርሱ ለሚታከም ሰው ነው። ሳይመረመር ለሚወጋ ሰው ያ ጥናት አንድም ቃል አልተናገረም።

ደም መጥቆር ያልኩት ምንድን ነው? ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ሴሉ ሲበዛ ደም ይወፍራል፤ የወፈረ ደም ይረጋል። የሚለካው ሄማቶክሪት በሚባል ምርመራ ነው፤ ከደሙ ስንት እጅ ቀይ ሴል እንደሆነ የሚያሳይ። እናም ደስ የሚለኝ ነገር ይህ ነው፤ በዚህ ሕክምና ውስጥ ሕይወት የሚጠብቀው ምርመራ ከሁሉም ርካሹ ነው። ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ለደም ማነስ የሚሠራላት ምርመራ እርሱ ነው። እንደ ክር የቀጠነች የመስታወት ቱቦ ከጣት ጫፍ ደም ትስባለች፤ አንዱ አፏ በማሸጊያ ጭቃ ይደፈናል፤ ማሽን ላይ ተጋድማ አምስት ደቂቃ ያህል ትሽከረከራለች። ስትወጣ ደሙ ለሦስት ተከፍሏል። ታች ጥቁር ቀይ፣ መሐል ነጭ ስስ መስመር፣ ላይ እንደ ብርዝ ቢጫ ፈሳሽ። ቱቦዋ በመስመራማው ማንበቢያ ላይ ትቀመጣለች፤ ቀዩ የቆመበት ቁጥር ይነበባል። የሆርሞን ማሽን የለም፣ ቀዝቃዛ ሣጥን የለም፣ አዲስ አበባ የለም።

የኢንዶክሪን ማኅበሩ መመሪያ ሄማቶክሪት ከመጀመር በፊት፣ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይለካ ይላል። ከ54 በመቶ በላይ ከወጣ መርፌው ይቆማል። መነሻው ከ48 በላይ ለሆነ ሰው ባይጀመር ይመከራል፤ በከፍታ ቦታ ለሚኖሩ ደግሞ እስከ 50 ይፈቀዳል። ይህ የከፍታ ፈቃድ ለኢትዮጵያ ሲሆን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ፣ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ሆኖ አግኝታዋለች፤ በቆላ የሚኖር ሰው ያህል ማለት ነው። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪ ደሙን አወፍሮ ከፍታን ይችላል፤ የሰሜን ሰው ሳያወፍር ችሎታል። በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ግን በኋላ በተደረገ ጥናት ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን ታይቶባቸዋል። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት ማለት ነው። ስለዚህ ደጋ ነውና ትንሽ ቢወፍር ምንም አይደለም የሚለው አነጋገር ለኛ ሰው በቀጥታ አይሠራም። ቦንጋ ራሷ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለአዲዮው ሰው ትክክለኛው መለኪያ የራሱ ደም ነው፤ መርፌው ከመጀመሩ በፊት የተለካው፣ በካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር።

የቴስቶስትሮኑ መጠንም ከጀመረ በኋላ ይለካል፤ መቼ የሚለው ግን በመድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ኢናንቴት ወይም ሲፒዮኔት የሚባሉትን መርፌዎች የሚወስድ ሰው በሁለት መርፌዎች መሐል ባለው ጊዜ፣ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን አንዴካኖኤት የሚወስድ ደግሞ የሚቀጥለው መርፌ ሊወጋ ሲል። በመርፌው ማግስት የተወሰደ ደም ተራራ ያሳያል፤ በመጨረሻው ቀን የተወሰደው ገደል። ዕድሜው ለሚጠይቅ ሰው ፒ ኤስ ኤ የተባለው የፕሮስቴት ዕጢ ምርመራም ይጨመራል።

ይህ ሁሉ ለካፋ ሩቅ ነው የሚል ሰው ካለ፣ በአንድ ነገር እስማማለሁ፣ በሌላው አልስማማም። የሆርሞን ማሽን በየጤና ጣቢያው የለም፤ ጅማ ከቦንጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን የሚወስነው ደሙ የተወሰደበት ሰዓት እንጂ ማሽኑ ላይ የተጫነበት ሰዓት አይደለም። ጠዋት ቦንጋ ላይ ተቀድቶ፣ ሴሉ ከፈሳሹ ተለይቶ፣ በቅዝቃዜ የተያዘ ናሙና መንገድ ይችላል። ሰው ሳይሆን ናሙና የሚጓዝበት ሥርዓት ደግሞ አገሪቱ አላት፤ ለኤች አይ ቪና ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ናሙናዎች በኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት ጭምር ከገጠር ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪዎች ሲጓዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። እንደ ቦንጋው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ባለ ቦታ ጎደለ የምለው፣ ሥርዓቱን ለጥቂት የሆርሞን ናሙናዎች መክፈትና ለታካሚው ሰዓቱን በወረቀት ጽፎ መስጠት ነው።

ትልቁ ሰውዬ መርፌ ከመጀመሩ በፊት ሄማቶክሪቱ 45 ነበር። በሦስተኛው ወር ተመልሶ መጣ። ፊቱ ሞልቷል፤ ሚስቱም አብራው መጥታለች። ቱቦዋ ተሽከርክራ ወጣች፤ ቀዩ 52 ላይ ቆመ። ገና 54 አልደረሰም፤ ከራሱ መነሻ ግን ሰባት ወጥቷል። ሐኪሙ የመርፌውን መጠን ቀነሰለትና በስድስት ሳምንት እንዲመለስ በካርዱ ላይ ጻፈ። ሰውዬው ከላቦራቶሪው በር ላይ ዞር ብሎ ደሙን የወሰደችለትን ልጅ ጠየቃት።

«እኅቴ፣ ያን ጊዜስ? ደግሞ ማታ መጥቼ፣ ሳልቀምስ ልደር?»

«አይ ጋሼ፣ ይኼኛው ቡናዎን ጠጥተው ቢመጡም ይሠራል።»